በሞተሩ ሆድ የቀረ ውሃ

ኤፕሪል 6

ዝናብ። ከበርገን እስከዚህ ሦስት ሰዓት ነዳሁ፤ አንዴም ጋብ አላለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀልባ ቤቱን ከፈትኩ። የሬንጅና የናፍጣ ሽታ... ያው የድሮው። የገመዱ ጥቅል ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ጀልባዋ እንጨቶቹ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ የሆዷ ቀለም ተላልጧል። በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሞተሯም እኩያዋ ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አጭርና ወፍራም። የአባቴ የዝናብ ካፖርት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አልነካሁትም።

ቶርላይፍ መጣ። የአባቴ ጎረቤትና የስልሳ ዓመት ጓደኛ፤ ሰማንያ ሁለት ሞልቶታል። ሰላም ሳይለኝ ጫማዬን አየ። በዚህ ጫማ ነው ወይ ጀልባ የምትጠግነው አለኝ።

ኤፕሪል 7

እናቴ ዘንድ። ጃንዋሪ ላይ አረጋውያን ቤት ከገባች ወዲህ ከስታለች። መስኮቷ ወደ ፊዮርዱ፣ ወደ ባሕሩ ጠባብ ክንድ ያያል፤ ዓይኗ ግን አያይም ማለት ይቻላል። ጆሮዋ ግን... በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሁሉ በኮቴው ትለያለች።

የድንቹን ታሪክ ደገመችልኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ የአባቴ ሞተር ወደ ባሕር ከገባው ድንጋይ ጫፍ ማዶ ሲሰማ ድንች ትጥዳለች። ድንቹ ሲበስል አባቴ ጀልባዋን አስሮ፣ ዓሣውን ይዞ በር ላይ ነው። ሰዓት አያስፈልጋቸውም ነበር።

"አንድ ቀን እንኳ የሞተሩን ድምጽ ብሰማ" አለች።

በዚህ በጋ በመስኮትሽ ሥር ይዣት አልፋለሁ አልኳት። ቃል ገባሁ። ስለ ሞተር የማውቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ይሄኛው ቁልፍ የለውም።

ኤፕሪል 20

ሙሉ ቀን ቀለም ስፍቅ ዋልኩ። መፋቅ፣ የተልባ ዘይት መቀባት፣ እንደገና መፋቅ። ጣቶቼ የቢሮ ጣቶች ናቸው። ቶርላይፍ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል። ሞተሩ የሚነሳው ትልቁን የብረት መንኮራኩር በእጅ አሽከርክሮ ነው። አውራ ጣት ከአራቱ ጣቶች ጋር መሰለፍ አለበት፤ ብረቱን ካቀፈው፣ ሞተሩ መልሶ ሲመታ ይሰብረዋል። የራሱን አሳየኝ። ወደ ኋላ ዞሯል። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር አሉ፤ አባቴ አጠገቡ ሆኖ ሆዱን ይዞ ስቆበታል።

አባቴ ይሄን ሊያሳየኝ በየዓመቱ ይደውል ነበር። በየዓመቱ ሥራ ነበረኝ።

ኤፕሪል 27

ተሰንጥቋል።

የሲሊንደሩን ጎን ስጠርግ ቀጭን መስመር አየሁ... ጸጉር መሰለኝ። በጨርቅ አሸሁት፤ አልሄደም። ቶርላይፍ ባትሪ አብርቶ አየው። ቆይቶ፣ ደጋግሞ አየው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ውሃ በውስጡ ይዞራል። በረዶ ከመግባቱ በፊት ከሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስ ነው። ካልፈሰሰ ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ይሄን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

"በቀብሩ ቀን ጠይቄህ ነበር" አለ ቶርላይፍ። "ውሃው ወጥቷል ወይ ስልህ፣ አዎ አልከኝ።"

አስታወስኩ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። እጄን የሚጨብጠኝ ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ እኔ ለሁሉም አዎ እላለሁ። ምን እንደተባልኩ እንኳ ልብ አላልኩም።

ይሄንኑ መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አባቴ አውጥቼዋለሁ ብሎኝ ነበር።"

ቶርላይፍ ባትሪውን አጠፋ። "አውዱን?" አለ አባቴን በስሙ ጠርቶ። "እንግዲህ... አርጅቶ ነበር።"

ኤፕሪል 28

በሞተ ሰው ላይ ዋሸሁ። በአባቴ ላይ።

ሜይ 6

ቢሮ። ሃያ አራት ዓመት ኢንሹራንስ ቤት፣ የውሃ ጉዳት ክፍል። በክረምት ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ያመለክታል፤ እኔ አጣራለሁ። ዛሬም በአንድ ሰውዬ የበጋ ቤት ጉዳይ ያችኑ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። "ባለቤቱ ውሃውን ማፍሰስ ሲገባቸው በቸልተኝነት..." እጄ ቆመ። ስንት ሰው ላይ ጽፌያታለሁ?

የአባቴ ስልክ። ኖቬምበር፣ እሑድ ነበር። ጀልባዋን ከቶርላይፍ ጋር ጎትተው አስገብተዋታል፤ የቀረው ውሃው ብቻ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቧንቧዋ ላይ አልደርስም አለኝ። "ቅዳሜ ብትመጣ... አሥር ደቂቃ ነው ሥራው። ከዚያ ዓሣ እንበላለን።" ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን አልኩት። ግድ የለም፣ ብርዱ ገና ነው አለ። ያ ሁለተኛው ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ሞተ። በቀብሩ ሳምንት ውርጭ ወረደ።

ያን ቅዳሜ ምን ነበረብኝ? ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ። የመኪናዬን ጎማ ለበረዶ ላስቀይር ቀጠሮ ይዣለሁ።

ሜይ 17

የአገሩ በዓል። ጀልባው ሁሉ ባንዲራ ሰቅሎ ተሰልፎ ወጣ። የእኛዋ እንጨት ላይ።

ወደቡ ላይ ዋፍል፣ ስስ ጣፋጭ ቂጣ፣ ይዘን ቆመን ሳለ ሰዎች ወሬ አመጡ። አውዱን መጨረሻው ላይ ይረሳ ነበር አሉ። ከቶርላይፍ ነው የሰሙት፤ እሱ ደግሞ ከእኔ። አንዱ፣ ባለፈው ሴፕቴምበር አውዱን በአንድ ቀን ሁለቴ ሰላም ብሎኛል አለ። ሌላው፣ እኔንም በወንድሜ ስም ጠርቶኛል አለ። ሁሉም የሚያስታውሰው ነገር አገኘ። አባቴ በዚህ ወደብ ገመድ አስተሳሰሩ ሳይቀር ለሌላው የሚጠቀስ ሰው ነበር። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጃጅቶ የሞተ ሽማግሌ አደረግኩት።

ዋፍሌን በልቼ ጨረስኩ። አላረምኳቸውም።

ጁን 1

እናቴ ጆሮ ደርሷል።

"አባትህ ውሃውን ረስቶት ነው ይላሉ" አለች። "አእምሮው እየሄደ ነበር ማለት ነው። አጠገቡ ተኝቼ አላየሁትም። ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?"

ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ በቀብሩ እንኳ። መሀረብ አቀበልኳት። ደህና ዋይ ብያት ወጣሁ። እንዲህ ነኝ እኔ።

መኪናው ውስጥ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ተመለስኩ። ኮቴዬን ለይታ፣ "ምን ረሳህ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ስልኩን፣ የሚቀጥለውን ቅዳሜ፣ የቀብሩን ቀን አዎታ፣ ውሸቱን። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አዳመጠችኝ።

"እኔ እናትህ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ይቅር ማለት አያቅተኝም። ስሙን ያጠፋኸው ግን ወደቡ ላይ ነው። እዚያው ሂድና መልስለት።"

ጁን 2

ሄድኩ። ከናፍጣ መቅጃው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ሦስቱ ተቀምጠዋል፤ ቶርላይፍ መሀል ነው። ቆሜ ተናገርኩ። አባቴ ምንም አልረሳም አልኩ። ጠርቶኝ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንዱ እሺ አለና ባሕሩን ማየት ጀመረ። ሌላው ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ።

ቶርላይፍ ተነሳ። እሱም ቆሞ ነው የተናገረኝ።

"ላውጣልህ ብዬው ነበር እኮ። አይ፣ ልጄ ይመጣል አለኝ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አምስት ሳምንት ሙሉ ጓደኛዬ አእምሮው ሲደክም ሳላውቅለት ሞተ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ይሄን አልረሳልህም፣ ሃልቫርድ።"

እሺ አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጥቂት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ሳይዞር መሰርሰሪያ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ጁን 22

ይሄ ዓይነት ብረት አይበየድም። እሳት ካገኘው ሌላ ጎኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ይሰፋል። ስንጥቁ ላይ ቀዳዳ ትበሳለህ፣ ጥርስ ታወጣለታለህ፣ ትንሽ ቡሎን ታስገባለህ፣ አናቱን ትቆርጣለህ። የሚቀጥለው ቀዳዳ የፊተኛውን ቡሎን ጠርዝ መንከስ አለበት። እንዲህ እየተያያዘ እስከ ጫፍ። ሠላሳ አንድ ቡሎን ይገባል ይላል ቶርላይፍ። የዛሬው ሦስት። የመሰርሰሪያ ጫፍ አራት ሰበርኩ።

ከሥራው ውጭ አያናግረኝም። "ቀስ።" "ቀጥ አድርገህ።" "ዘይት።" ከፔርሙሱ ቡና ለራሱ ብቻ ይቀዳል።

አንድ ጊዜ ብቻ ካፖርቱን በአገጩ አመልክቶ፣ ወይ ልበሰው ወይ አንሳው አለኝ። ሌላ ጊዜ አልኩ። አፌ ለመደው።

ጁን 30

ዝናብ። ስድስት ቡሎን።

ጁላይ 13

የመጨረሻው ገባ። ሞርጄ አስተካከልኩት። ቶርላይፍ በተጣመመው አውራ ጣቱ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ባልዲው ላይ ተቀመጠ፣ ፔርሙሱን ከፈተ፣ ቀዳ። ከዚያ ከኪሱ ሌላ ኩባያ አወጣና ሞልቶ አጠገቤ አስቀመጠው።

ቀዝቅዞ ነበር። ጠጣሁት።

ኦገስት 3

ውሃ ላይ አወረድናት። ወዲያው ከየመገጣጠሚያው ታስገባ ጀመር... ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ባልዲ ይዤ እንደ እብድ ስቀዳ ቶርላይፍ ከላይ ሆኖ ሳቀብኝ፤ ከጁን ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

"ዘጠኝ ወር ደርቃ ከርማ ተጠምታለች። ተዋት ትጠጣ።"

ሳንቃው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ራሱ ይገጥማል አለኝ። ሦስት ቀን። ላስቲክ ይዤ የመጣሁት የሳንቃዎቹን ክፍተት ልደፍን ነበር እኮ። ደፍኜው ቢሆን ሳንቃው ሲያብጥ መሄጃ አጥቶ የጎን አጥንቶቿን ይሰብር ነበር።

ውሃ ካበጠ ብረት ይሰብራል፤ እንጨት ካበጠ ጀልባ ያድናል። ሁለቱንም በዚህ ዕድሜዬ ነው የተማርኩት። የሚያስተምረኝ ሰው ስልክ እየደወለ።

ኦገስት 6

ደረቀች። አንዲት ጠብታ የለም።

ኦገስት 18

አውራ ጣት ከአራቱ ጋር። አንዴ... ዝም። ሁለቴ... ማስነጠስ ብቻ። በሦስተኛው ተነሳ። ዱግ... ዱግ... ዱግ። ጥርሴ ሥር ድረስ ተሰማኝ። ቶርላይፍ ከሩብ ፍጥነት እንዳታልፍ፣ ስፌቱ አይችልም አለኝ። አብረኸኝ ና አልኩት። አይ፣ ይሄን ብቻህን ነው አለ።

የድንጋዩን ጫፍ ዞርኩ። የእናቴ መስኮት ተከፍቷል፤ ነርሷ ወንበሯን አስጠግታላታለች። እጄን አወዛወዝኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አታየኝም። በዝግታ አለፍኩ። አልቅሻለሁ። እዚህ ልጻፈው እንጂ ለማንም አልናገርም።

ጀልባዋን አስሬ ወጣሁ።

"ከጫፉ ጀምሬ ቆጠርኩልህ" አለች። "በአንተ አነዳድ ድንቹ ገንፎ ሆኖ ነበር።"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ድምጹ ላይ ትንሽ መንተባተብ አለበት አለች። ስንጥቁ ነው፣ እማ፣ ከዚህ በላይ አይድንም አልኳት። አውቃለሁ አለችና እጄን ይዛ የሻከረውን መዳፌን በጣቷ ዳሰሰች።

ኦክቶበር 26

ቅዳሜ። የዛሬ ሳምንት ብርድ ይገባል ብለዋል። አልጠበቅኩም፤ ትናንት ከቢሮ ቀጥታ መጣሁ።

ጀልባዋን ከቶርላይፍ ጋር ጎትተን አስገባን። ደክሞት ወደ ቤቱ ሄደ። በደረቴ ተኝቼ ከሞተሩ ሥር ገባሁ፣ ቧንቧዋን በመፍቻ ከፈትኩ። ውሃው ክንዴ ላይ ፈሰሰ። በሽቦ ጎረጎርኩ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ ጠበቅኩ። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ደቂቃ።

ውጭ ዝናብ ነው፣ ልብሴም ርሷል። የአባቴን ካፖርት ከምስማሩ አወረድኩ።

ከሥሩ ሳንቃው ላይ ጽሕፈት አለ። በአናጢ እርሳስ፣ የአባቴ እጅ፣ ከላይ እስከ ታች። "1968፣ ውሃ ወጣ፣ ኖቬምበር 2።" "1969፣ ውሃ ወጣ፣ ኦክቶበር 30።" በየዓመቱ አንድ መስመር፤ አንድም የተዘለለ የለም። አንዱ ላይ ብቻ ቃል ጨምሯል፤ ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ዓመት። "ሃልቫርድ መብራት ያዘ።" ይዤ ነበር እንዴ? አላስታውስም። ብዙ ሞከርኩ... አላስታውስም።

የመጨረሻው መስመር ያለፈው ዓመት ነው። ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል። "ውሃ ወጣ፣ ከሃልቫርድ ጋር፣ ኖቬምበር" ይላል። ቀኑ የለም። እኔ ስመጣ ቀኑን ሊሞላው ነበር።

እርሳሱ ሳንቃው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ከሥሩ ዘንድሮን ጻፍኩ፤ ኦክቶበር 26፣ ውሃ ወጣ። ከዚያ እርሳሱን ወደ እሱ መስመር መለስኩት። የምጽፈው ቀን የለኝም።

ካፖርቱን ለብሼ ወጣሁ።