የተፋቀው ስም

ረቡዕ፣ ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ ጠዋት ለጣሊያን ያደረ አንድ ባንዳ ዳዊት ይዞ መጣ። «የባለቤቱን ስም ፍቀህ የኔን ጻፍበት» አለኝ። ጸሐፊ ነኝና ሥራው አዲስ አልሆነብኝም፤ መጽሐፍ ባለቤት ሲለውጥ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይገባበታል።

ስገልጠው ግን የየኔታ ዳዊት ሆኖ አገኘሁት። በልጅነቴ ዲማ ሳለሁ ንባብ የተማርሁበት ነው። በመጀመሪያው መዝሙር ጠርዝ ላይ፣ እንጆሪ ለቅሜ ባልታጠበ እጄ ያተምሁት የአውራ ጣቴ ምልክት አሁንም አለ። ያን ቀን ይገርፉኛል ብዬ ስንቀጠቀጥ የኔታ ሳቁ። «ተወው ልጄ፣ እንግዲህ የትም ብታየው አይጠፋህም» አሉኝ።

አልጠፋኝም። አርበኛ አሳድረዋል ተብሎ ቤታቸው ባለፈው ወር ተቃጥሏል፤ እሳቸው የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ባንዳውን «ከየት አመጡት?» ማለት አቃተኝ። «እሺ ጌታዬ» አልሁት። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ብራናውን እንዳልበሳው ተጠንቅቄ ፋቅሁ። የቢላዋ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የሱን ስም አሳምሬ ጻፍሁ። «እጅህ ይባረክ» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስሁም። ብዕር ያነሣሁት የየኔታን ስም ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ ልጽፈው ብዬ ነበር። ደብተሩ ቢገኝስ ብዬ ፈራሁ።