የጓዳው ሁለተኛ መስኮት

አዋሳ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጅነት ጓደኛዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? የአርባ ምንጭ ሙቀት ተስማማሽ? ወባውስ አልደፈረሽም? እስር ቤት የጀመረሽ የጎን ውጋት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ይነሳብሻል? እኔም፣ ኩማም፣ ትንሿ ልጃችን ታቢታም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሾፌሩ ባዬ ባለፈው ወር ሰላምታሽን አድርሶኛል። «አሁንም ትዘምራላችሁ ወይ?» ብለሽ እንደጠየቅሽም ነገረኝ። ከተፈታሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአንቺ የሰማሁት ቃል ይህ ብቻ ነው። መልሱን በቃል ልልከው አልፈለግሁም። ደብዳቤውን ባዬ በእጁ ይሰጥሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

አዎ፣ እንዘምራለን። እንዴት እንደምንዘምር ግን ልንገርሽ።

እማማ ብርቅዬን መቼም አትረሺያቸውም፤ ለሁላችንም መዝሙር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ መጻሕፍቱ ተወሰዱ። የእሳቸው የሲዳምኛ መዝሙሮች ግን ድሮም ወረቀት ላይ አልሰፈሩም፤ ያሉት በራሳቸው ውስጥ ብቻ ነው። ጥር ላይ ጉሮሯቸውን ታመው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ዕጢ ነው አላቸው። እስከ ፋሲካ ድምፃቸው እንደሚጠፋም ሳይደብቅ ነገራቸው። ወደ ቤት ስንመለስ በራቸው ላይ ቆመው፣ «እኔስ እሄዳለሁ፤ መዝሙሮቹን ለማን ልተዋቸው?» አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ለኩማ እንቅዳቸው አልኩት። መናኸሪያ ጋ ባለው የሬዲዮ መጠገኛው ውስጥ ቴፕ ሪከርደርም ማይክም አለ። የቸገረን ቦታው ነው። የምኖርበትን ቤት አታውቂውምና ላስረዳሽ፤ ልብስ የምሰፋበት ጓዳ መስኮቱ በአቶ ሽበሺ ግቢ በኩል ነው። አቶ ሽበሺ የቀበሌ ሹም ናቸው። እግራቸውን ከታመሙ ወዲህ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ሥር ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ከእሳቸው ወንበር እስከ እኔ መስኮት አራት እርምጃ አይሞላም።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያስበውን አሰብን። ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፈንነው። ከዚያ ኩማ ውስጥ ሆኖ ጋዜጣ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረግንና እኔ አጥሩ ጋ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። የመኸር ምርቱን ዜና ከነኩንታሉ ሰማሁት። ኩማ ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። በኋላ እሱ ነው ያስረዳኝ። ካርቶኑ ድምፁ ውስጥ ለውስጥ እንዳያስተጋባ ያደርጋል እንጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አይከለክልም። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ችግር የለበትም። ድምፅ እንደ ውሃ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል፤ ቀዳዳዎቹም በሩና መስኮቱ ናቸው።

እንግዲያው እነሱን እንደፍናለን አልኩ። አናጢው ጋሽ ጠሀን ጠራኋቸው። አሮጌውን በር ነቅለው በሁለት ጣውላ መካከል አሸዋ የተሞላ አዲስ በር ሠሩልኝ። ክብደቱን እንዲችል በአራት ማጠፊያ ነው የቆመው። መቃኑን ዙሪያውን በመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ለበጡት፤ በሩ ሲዘጋ ላስቲኩን ተጭኖ ይገጥማል። ከታች ደፉን ከፍ አደረጉት፤ የቁልፉን ቀዳዳ በሰም ደፈንኩት። ይህን ሁሉ የማሠራው አቧራ እያስቸገረኝ ነው ብያቸው ነበር። ሁለት ቀን ሠሩ። በሦስተኛው ቀን መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አቧራን በአሸዋ የሚከለክል ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። መዶሻቸውን መልሰው አንስተው፣ «ማን እንደሚገባበት አልጠይቅሽም። በሩ ግን አያሳፍርሽም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኚህ ሰው በእኛ እምነት አይደሉም። ስማቸውን በጸሎትሽ አስቢልኝ።

መስኮቱ ከበሩ ይልቅ አስቸገረን። በጡብ እንዳንዘጋው፣ ትናንት የነበረ መስኮት ዛሬ ከጠፋ አቶ ሽበሺ ምን ይላሉ? ስለዚህ የውጪውን እንዳለ ትተን ከውስጥ በኩል አንድ ስንዝር አራርቀን ሁለተኛ መስኮት ሠራን። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ድምፅ በሁለቱ መስታወት መካከል እንዳይመላለስ ኩማ ሆን ብሎ ትንሽ አዘንብሎ አስገባው። ጠርዙን በስቱኮ ደፈንነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ዳርና ዳር ከስፌት በተረፈኝ ቁርጥራጭ ጨርቅና ጥጥ ጠቀጠቅሁት። ጣቶቼ እስኪደሙ ጠቀጠቅሁት። ኩማ ይበቃል ይለኛል፤ እኔ ሻማ ለኩሼ ነበልባሉ የሚወዛወዝበትን ቦታ እየፈለግሁ እንደገና እደፍናለሁ። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ አልገባውም ነበር።

መሞከሪያው ቀን ሲደርስ የአቶ ሽበሺን ካኪ ኮት ልለካ ሜትሬን ይዤ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ኩማ ጓዳ ውስጥ ተዘግቶበት አኮርዲዮኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫወታል። እኔ ደረታቸውን እየለካሁ ጆሮዬ አጥሩ ላይ ነው። የማሽላ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ከሩቅ የአውቶቡስ ጡሩንባ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። ድንገት አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና፣ «ምነው ዛሬ ቤታችሁ ጭር አለ? ባልሽ ሱቅ ገባ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ በጠዋት ነው የወጣው» አልኩ። የክንዳቸውን ልክ ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩት።

ቀረጻውን በሳምንቱ ጀመርን። እማማ ብርቅዬና ሌሎች አራት ሰዎች ልብስ እንደሚለካ ደንበኛ አንድ በአንድ ገቡ። ኩማ መሣሪያው ላይ ተቀመጠ፤ በሩ ተገጠመ። አምስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ የዘመርን ሰዎች ነን። እማማ፣ «በሉ እንግዲህ፣ በሙሉ ድምፅ» ሲሉን ድምፃችን እምቢ አለን። ሦስት ጊዜ ጀምረን ሦስት ጊዜ አቆምን። በአራተኛው እሳቸው ብቻቸውን አነሱት። የታመመ ጉሮሮ ነው ብለሽ እንዳታስቢ።

በሁለት ቀን አሥራ አንድ መዝሙር ቀዳን። ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር ሙቀቱ ነው፤ ድምፅ የማይወጣበት ቤት አየርም አይገባበትም። በሁለተኛው ቀን እማማ ላብ አጥምቋቸው፣ «ልጄ፣ እባክሽ መስኮቱን ትንሽ ክፈችልኝ» አሉኝ። ተነሳሁ። እጄን ዘረጋሁና በድን ሆኜ ቀረሁ። ሁሉም አፈጠጡብኝ። ኩማ ቴፑን አጥፍቶ በሩን ከፈተና እማማን ደግፎ ወደ በረንዳ አወጣቸው። እኔ ግን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሜ ነበር።

አንድ መዝሙር ይቀራል። ያን የማለዳውን፣ አንቺ ትመሪው የነበረውን። እማማ አልዘምረውም አሉ። «ለእሷ ነው የሰጠሁት፣ እሷ ትዘምረው» ብለው በካሴቱ መጨረሻ ባዶ ቦታ አስቀሩልሽ። እንድትመጪ ልለምንሽ ነው የጻፍኩት። ከመለመኔ በፊት ግን ልታውቂው የሚገባሽ ነገር አለ።

የተያዝሽበትን ጠዋት መቼም አንቺ አትረሺውም። እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር በነበረው ቤትሽ ስድስት ሆነን እየዘመርን ሳለ መስኮቱ ተከፍቶ ተገኘ፤ በመንገድ የሚያልፉ አብዮት ጠባቂዎች ሰሙን። እኛን በጓሮ አስወጥተሽ፣ «ብቻዬን ነው የዘመርኩት» አልሽ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታሰርሽ። መቀርቀሪያው ላልቶ ነው፣ ነፋስ ነው የከፈተው ተባለ። አንቺም እንደዚያ አመንሽ።

ነፋስ አልነበረም። የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ሞቆኝ ነው ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ግን ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ሁላችንም ጋቢ ደርበን ነበር። ኩማ ውጭ በሩ ላይ ቆሞ አንቺን ይጠብቅ ነበር፤ ቀለበት ልታስሩ ሦስት ወር ቀርቷችሁ ነበር። የመዝሙሩን የመጀመሪያ ክፍል አንቺ መራሽ። መስኮቱን የከፈትኩት ሁለተኛውን ለመምራት ተራዬ ሲደርስ ነው፤ ድምፄን እንዲሰማው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ስንቅ ሳመላልስልሽ እስር ቤቱ በር ላይ ከኩማ ጋር እንገናኝ ነበር። «አትጠብቀኝ» ብለሽ የላክሽበትን ቃል ያደረስኩለት እኔው ነኝ። ቃሉን አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። ይህን ብቻ እመኚኝ።

ትናንት ደብዳቤውን እስከዚህ ጽፌ ለኩማ ሰጠሁት። እሱ ሳያውቅ አንቺ እንድታውቂው አልፈለግሁም። ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። ቀና ብሎ፣ «በዚያ ጠዋት እኔ የሰማሁት የእሷን ድምፅ ነው» አለኝ። ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝና፣ «ላኪው» ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ። ማታ ተመልሶ እራቱን በላ፤ ታቢታን አስተኛ። ከእኔ ጋር ግን እስካሁን አልተነጋገረም። ይነጋገር ይሆናል፤ ባይነጋገርም ይህን ወረቀት አልቀደውም።

ለእኔ ብለሽ አትምጪ። እማማ ብርቅዬ ከሰኞ ወዲህ የሚናገሩት በእጃቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን ይሰማል፤ ለእሳቸው ነይ። ስትዘምሪ እኔ እንድኖር ካልፈለግሽ ታቢታን ይዤ እወጣለሁ። መምጣቱ ከከበደሽም እዚያው ቅጅውና በባዬ ላኪልን፤ ሌላ ባዶ ካሴት ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ብቻ በብርድ ልብስ አትተማመኚ። የበሩን ሥር አስቀድመሽ ድፈኚ፤ ከዚያ ሻማ ለኩሰሽ ፈትሺ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና፤ የተወሰደብሽን ዓመት በሌላ በኩል ይካስሽ። የምትገቢበት ቤት ሁሉ ሰላም ይሁን። ድምፅሽን ይጠብቅልሽ።

በአንድ ረድፍ ቆማ ከአንቺ ጋር ትዘምር የነበረችው ጓደኛሽ