ዋልዴማር ካየው

«ዋልዴማር ያየው ነገር ከሆነ እኔ እፎይ ብዬ እተኛለሁ።»

ይህን ያለችው ሮሲና ናት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በመሥሪያ ቤታችን ማድ ቤት ውስጥ፣ በሩ ላይ ቆሜ እንደምሰማት ሳታውቅ። ቃሉን እንዳለ ተቀበልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ኒሻን ደረቴ ላይ ለጥፌው ኖርኩ። ይኸው ዛሬም ሰላምታዬን አስቀድሞ ከአፌ የወጣው እሱ ነው፤ ይቅር በይኝ።

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሳልቶ ሙቀት ከአሁኑ ጀመራችሁ ወይ? ያቺ ጎረቤትሽ አሁንም ራዲዮዋን ለመላው ሰፈር ታሰማለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሞንቴቪዴዮ ነፋስና ከሰው በቀር የጎዳኝ የለም።

በስልክ «ምን ሆነህ ነው ድምፅህ የሰለለው?» ስትይኝ «ሥራ ነው» ብዬ ላልፍ ሞከርኩ። አንቺም «ሥራህ ምን እንደሆነ አሥር ዓመት ሙሉ ሳትነግረኝ፣ ምኑ እንደጎዳህ በምን ልወቅ?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። በስልክ የማይሆነውን በወረቀት ልሞክረው።

እኛ የምንጽፈው ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተር ማለት ጋዜጣ ቤታችሁ የነበረው ያ ፊደል ለቃሚ ሽማግሌ ነው። የሰጡትን እንዳለ ይለቅማል፤ «ይሄ ነገር ስሜት ይሰጣል?» ብሎ አይጠይቅም። የሟችን ስም በሠርግ ማስታወቂያ ውስጥ ብታሳልፊለት ሳይከፋው ያትመዋል።

አንድ ሰው አዲስ ነገር ሊጨምር ሲያስብ ዋናውን ጽሑፍ አይነካም። ቅጂ ያወጣል፤ ቅርንጫፍ እንለዋለን። እዚያ ላይ እንደልቡ ይደልዛል፣ ያበላሻል፣ ያቃናል። ሲጨርስ «ከዋናው ጋር ይቀላቀልልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ከመቀላቀሉ በፊት ግን ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ «ይለፍ» ማለት አለበት። በአጭሩ አንቺ ሠላሳ ዓመት የሠራሽው የአራሚነት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ያንቺ ጣት ቀለም ይነካው ነበር፣ እኔ ወገቤን ያመኛል። ማን ጻፈ፣ ማን አሳለፈ፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም ተመዝግቦ ይቀራል፤ በእርማት ወረቀቱ ጥግ ላይ ትጽፊያቸው እንደነበሩት የስምሽ ፊደላት።

በዚህ ቤት አሳላፊው እኔ ነበርኩ። «ሊቁ» ይሉኛል፣ ግማሹ በፌዝ ቢሆንም። «ያላነበብከውን አትፈርም» እየተባለ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ከሰው ዓይን ሌላ ሙከራ የሚባል አለን፤ ዋናውን ፕሮግራም እየጠየቀ የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጠይቅ ያልነውን ይጠይቃል። ያላልነውን አይጠይቅም። እንደ አዲስ ቄስ ነው።

በኦገስት ሮሲና ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም ጻፈች። ታማሚው ስልኩን ሲከፍት የቀጠሮውን ሰዓት ያሳየዋል። ሰዓቱን የሚያሰላውን ክፍል ከአሮጌ ሥራ ገልብጣ ነው ያመጣችው፤ መገልበጥ በእኛ ዘንድ ሙያ እንጂ ነውር አይደለም። ያ አሮጌ ቁራጭ ታዲያ በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ይገፋል፣ አገሩ ሁሉ በየዓመቱ ያደርገው እንደነበረው። ዘንድሮ መንግሥት «በቃ፣ አንገፋም» አለ። አንቺም የግድግዳውን ሰዓት ልትነኪ ወንበር ላይ ከመውጣት ተገላገልሽ። ኮዱ ግን አዋጅ አይሰማም።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሞቹ በሁለት ሰዓት ተሰየሙ፤ ታማሚዎቹ ስልካቸው እንደነገራቸው በሦስት ሰዓት መጡ። የዓይን ሐኪሙ ባዶ ወንበር ሲያይ ቆይቶ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። አምስት ወር ወረፋ የጠበቁ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ እኔ እኮ ቀደም ብዬ ነው የመጣሁት» እያሉ ተመለሱ አሉ።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። ማክሰኞ ሁላችን ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ የማቴ ሻዩ ቅል ይዞራል፣ እንደ ልማዷ የምትቀዳው ሮሲና ናት። የቤታችን ሕግ ጥፋቱን እንጂ አጥፊውን አንፈልግም የሚል ነው። አለቃችን ኤልቢዮ «እሺ ልጆች፣ ይሄ ሰዓት በየት በኩል ገባ?» አለ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሮሲና። እስከዚህ ድረስ ኮራሁባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ግን ዋልዴ፣ አላነበብከውም። ሳታነብ ነው ያሳለፍከው» አለችኝ። በአሥራ አንድ ሰው ፊት! «ኧረ ሊቁን!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌላው ሳቁን ከማቴው ጋር ዋጠው።

እማዬ፣ ይህች ልጅ አባቷ በሞተ ሰሞን ሥራዋን ደርቤ የሠራሁላት ናት። አንቺ የምትልኪውን የሜምብሪዮ ፍሬ ማርማላታ እኩል እየቆረጥኩ ያካፈልኳት ናት፤ ትልቁን ለራሴ ያስቀረሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተራዬ ሲደርስ ምንም እንዳልተፈጠረ ቅሉን ሞልታ ዘረጋችልኝ። ጠጥቼ መለስኩላትና «አመሰግናለሁ» አልኳት። አመሰግናለሁ ላለ ሰው ከዚያ ወዲያ እንደማይቀዳለት እሷም ታውቃለች። እጇ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ቀዳች።

በኋላ ኤልቢዮ ለብቻዬ ጠራኝና «በል እንግዲህ ሊቁ፣ ሮሲና የምትለው እውነት ነው? ክሊኒኩ አንድ ሰው ካላሰናበታችሁ ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ። እንደ ሁልጊዜው፣ መስመር በመስመር» አልኩት።

መዝገቡን እንኳ አልከፈተም። «ያንተ ቃል ይበቃኛል» አለ።

ዓርብ ሮሲና ሄደች። ቅሏን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ነው የሄደችው፤ ወይም ረስታው። እኔ ረስታው ነው ብያለሁ።

ስህተቷን አልቆጥርባትም። ሰው ይሳሳታል፣ ሁለተኛ ዓይን ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ያቃጠለኝ ያንን ዓይን ሰው ፊት ዕውር ማለቷ ነው። ስለዚህ አደራ፣ በአውቶቡስ በምትልኪው እሽግ የእሷን ድርሻ አትጨምሪ። ትደውልልሽ ይሆናል፤ አመሏን ታውቂዋለሽ። «ልጄ ነግሮኛል» በያትና ዝጊው።

ሠላሳ ዓመት የሰው ግድፈት የለቀመ ዓይንሽን እግዜር ብርሃን አያሳጣው። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ደጅሽ ከሰው፣ ሰታቴሽ ከማርማላታ አይራቅ።

ልጅሽ

ፖስታውን ሳላሽግ፦ ቀንና ሰዓት የሌለው ወሬ እንደማትወጂ ትዝ ቢለኝ፣ ልጽፍልሽ ብዬ መዝገቡን አሁን ከፈትኩት። ሮሲና የላከችልኝ ኦገስት አሥራ ሁለት፣ ረፋድ ላይ፣ በአራት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነው። «ዋልዴ፣ የሰዓቱን ክፍል አደራህን እየው፤ ከአሮጌ ሥራ የገለበጥኩት ነው» የሚል ማስታወሻ አለበት። ጽሑፉ ሦስት መቶ አርባ መስመር ነው። እኔ «ይለፍ» ያልኩት በአራት ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ነው።