የመሐሪ ሆድ እስኪዘጋ

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፣

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ የደብረ ሲናን ብርድ እንዴት ቻለው? የግፊት መድኃኒትዎን እየዘለሉ እንደሆነ ልጅዎ አዝመራ ነግራኛለች፤ እባክዎ አይዝለሉ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መሐሪም ከሆስፒታል ወጥቶ ገርጂ ቤቱ ገብቷል። አጥሚት ይጠጣል፣ ሰው ደግፎት እስከ መስኮቱ ደርሶ ይመለሳል።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ገና ድምፄን ሲሰሙ እርስዎ ማልቀስ ይጀምራሉ፤ እኔ ደግሞ አላለቅስም፤ እንዲሁ ትንፋሽ ስንሰማማ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ቀድመው ማንበብ የቻሉት እርስዎ እንደሆኑ መሐሪ ሲኮራብዎ ሰምቻለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ያንብቡት። ለአዝመራ አይስጧት፤ እሷ ስታነብ ያልጣማትን ትዘላለች።

የደበቅንዎት ነገር አለ። መሐሪ ከመታመሙ በፊት ልንለያይ ተስማምተን ነበር። አቶ ዓለምሰገድና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ አስቀምጠው መከሩን፣ በመጨረሻ እነሱም ደክሟቸው እሺ አሉ። ለእርስዎ እንዳይነገር ያሉት አቶ ዓለምሰገድ ናቸው፤ ለግፊትዎ ሰግተው ነው። ልጅዎ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ሌላ ሴትም አልያዘም። ቤታችን ውስጥ ወሬ አለቀ፣ በቃ። ጨው አቀብዪኝ ማለት እንኳ ትቶ ራሱ ተነስቶ ያነሳ ጀመር። ጠየቅኩት፣ ለመንኩት፣ ጮኽኩበት፤ በኋላ እኔም ዝምታውን ለመድኩት። ይሄኔ ነው ልብሴን ይዤ ቦሌ ቡልቡላ ጓደኛዬ ዘንድ የገባሁት።

የወደቀ ቀን የቀረ ልብሴን ልወስድ ሄጄ ነው ያገኘሁት። ኩሽና ወለሉ ላይ ሆዱን ይዞ ተጠቅልሏል። ትኩሳቱ ከጀመረው ሰንብቶ ኖሯል፤ ራሱን በራሱ ታይፎይድ ነው ብሎ ከፋርማሲ ክኒን እየገዛ ይውጥ ነበር፤ ለማንም አልተነፈሰም። ታክሲው ውስጥ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሹፌሩ ክላክስ እያስጮኸ ሲሳደብ፣ እኔ የማስበው ኩሽና በር ላይ የተውኩትን ሻንጣ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ምኑ ነሽ አሉኝ። ባለቤቱ አልኩ። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ።

ሐኪሟ ዶክተር ሶሬቲ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ሲደክማት ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታወራው። አንጀቱ ተበስቶ ሆዱ ውስጥ መግል ሞልቶ ነበር፣ አጥበን የተበሳውን ሰፍተናል አለችኝ። ግን አንጀቱ በጣም ስላበጠ ሆዱን በግድ ብንዘጋው ይታፈንና ኩላሊቱም መተንፈሻውም ሥራ ያቆማል፤ ስለዚህ ሆን ብለን ክፍት ትተነዋል አለች። እብጠቱ እስኪጎድል በየሁለት ቀኑ ቀዶ ሕክምና ክፍል እየገባ ይታጠባል። በምን ሸፈኑት ቢሉኝ፣ በግሉኮስ ከረጢት ነው። ንጹሑን ፕላስቲክ ቀደው ዘረጉና ዳር ዳሩን ከቆዳው ጋር ሰፉት። አንጀቱ በፕላስቲኩ ውስጥ ይታያል፤ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። ነርሷ ሲስተር ቤቴል እንዳልወድቅ ክንዴን ይዛኝ ነበር። እኔ ግን የቤቱን መብራት አጥፍቼ ወጥቼ እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ እማማ። የሆነ ነገሬ ደንዝዟል፤ እስከዛሬም አልለቀቀኝም።

የላኩት ጠበል ደርሶኛል። በአፉ ምንም እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ጠያቂው ሁሉ አንድ ጠብታ ምን ያደርገዋል ይለኝ ነበር፤ አላጠጣሁትም። እግሩን አበስኩበት። የሚቆጡኝ ከሆነ በዚህም ይቆጡኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁት መጡ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰው አያስገቡም ነበር፤ አቶ ዓለምሰገድ በር ላይ ቆመው ቢለምኑ፣ ነርሶቹ እጃቸውን አስታጥበው ጋውን አልብሰው ለትንሽ ጊዜ አስገቧቸው። ሲገቡ የመሐሪን ከንፈር በርጥብ ጥጥ እያበስኩ አገኙኝ። አቶ ዓለምሰገድ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ ይኸው እኛ ያቃተንን እግዜር አስታረቀ አሉ። በቃ፣ ነገሩ በዚያች አለቀ። ግንባሩን ሳሚው አሉኝ፣ ሳምኩት። እጃችንን አንድ ላይ አድርገው ዳግም አይለያችሁ እያሉ መረቁን። ሲስተር ቤቴል መርፌ እንደያዘች አሜን ትል ነበር። መሐሪ ነቅቷል፤ ግን የመተንፈሻው ቱቦ በጉሮሮው ስላለ መናገር አይችልም። እንባው በጆሮው በኩል ሲወርድ አዩና የደስታ ነው ተባባሉ። ማስታመሜ እርቅ መሰላቸው። እኔም ሽማግሌ እየመረቀ ቆዩ አይባልም ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ምስጋና አስቸግሮኛል። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይስማል። እርስዎም እንዳንቺ ያለች ምራት ለጠላቴም አልመኝም ብለው በድምፅ የላኩልኝ አለ። ለወዳጄ ሊሉ ፈልገው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ስንት ጊዜ ደግሜ ሰማሁት መሰለዎት።

እውነቱን ልንገርዎ፦ የምጠብቀው ሆዱ እስኪዘጋ ብቻ ነበር። ሲዘጋ እሄዳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ከቀዶ ሕክምና ክፍል በወጣ ቁጥር ዶክተር ሶሬቲን ተዘጋ ወይ እላታለሁ፤ እሷ የሚስት ጭንቀት ይመስላትና አይዞሽ ትለኛለች። አንድ ቀን ተዘጋ አለችኝ። ቦርሳዬን አነሳሁ። ቁጭ በይ አለችኝ። የተሰፋው ቆዳው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ተራርቆ አልገጥም ብሎናል፤ እሱን የምንጠግነው ሰውነቱ ሲጠነክር ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሆዱ በቀበቶ ይታሰራል፣ ከባድ ነገር አያነሳም፣ ሰው ያስፈልገዋል አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ወለል የምትወለውለው ሴትዮ እግርሽን አንሺ ስትለኝ አነሳሁ።

ቤት ከገባን በኋላ አንድ ጠዋት ቀበቶውን ሳስርለት መሐሪ ተናገረ። ድምፁ ገና ሻካራ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁን እኔ አሜን አላልኩም አለኝ። ቱቦ አፍህ ውስጥ እያለ እንዴት ብለህ ትላለህ አልኩት። ቱቦው ባይኖርም አልልም ነበር አለ። ሽማግሌ ስለመረቀሽ አትቅሪ፣ ሆዴ ስለተከፈተም አትቅሪ፤ ለእማዬ ጻፊላትና አዝመራ ትምጣ አለኝ። እማማ፣ በትዳራችን ዘመን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል አውርቶኝ አያውቅም። ቀበቶው ጠበቀብህ ወይ አልኩት። አልጠበቀም አለ።

ስለዚህ አዝመራን ቅዳሜ ይላኩልኝ። ይህንን ክፍል ግን ያንብቡላት፣ እንዳትዘለው። ቀበቶውን ተኝቶ ሳለ እንጂ ከተነሳ በኋላ እንዳታስረው። ሲነሳ ወደ ጎኑ ዞሮ በክንዱ ይደገፍ፤ ቀጥ ብሎ እንዳይነሳ። ስፌቱ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ሳታድር ወደ ዶክተር ሶሬቲ ትውሰደው። አሞኛል አይልም፤ ጥርሱን ካፋጨ አሞታል ማለት ነው። ሲያስለው ትራስ ሆዱ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ደግፋ ትያዝለት። እኔ ስይዝለት እጁን እጄ ላይ ይጭናል፤ ሳሉ ካቆመም በኋላ ቶሎ አያነሳውም። ለእሷ እንዲያ ላያደርግ ይችላል፤ ቅር እንዳይላት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ልጅዎንም ለዓመቱ በሰላም ያድርስልዎ፣ ሆዱም በደንብ ይዘጋለት። ሲደውሉልኝ የትም ብሆን አነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
እስከ ቅዳሜ ምራትዎ