የእማማ የሻሽ ሳቅ ያለበት ዲስክ

ታኅሣሥ 4 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቢቸና

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ግን ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልነገርኩሽ ለማን እነግራለሁ። ሰርግ እወዳለሁ። በጣም። መሄድ ነው የማልወደው። ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። ስለዚህ ሌላው ሰው ዳስ ውስጥ ያየዋል፣ እኔ ደግሞ ሰንብቼ እቤት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ሰርጉን የሚቀርጸው ጋሼ ይበልጣል ነው፣ የእናቴ ወንድም። ስምንተኛን እንደጨረስኩ ሚስቱ እትዬ ብርቱካን ወለደችና ልረዳት ከሞጣ መጣሁ። በዚያው ቀረሁ። ት/ቤትም በዚያው ቀረ።

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ዕቃ አጠብኩ፣ ሕፃኑን አስተኛሁ፣ ጎተራው ፊት ተቀመጥኩ። ጎተራው ማለት ጓዳ ያለው ኮምፒውተር ነው። ስሙን ያወጣለት ጋሼ ነው። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የቢቸና ሰርግ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነው። በሽቦ ከቴሌቪዥናችን ጋር ተያይዟል፣ ጎረቤት ደግሞ ያለ ሽቦ በየስልኩ እየሳበ ያያል። ኢንተርኔት አይደለም። የራሳችን ነው።

ጎተራው ሞልቷል። ጥር እየመጣ ነው፣ ጥር ማለት ሰርግ ነው። ጋሼ ጠዋትም ማታም የሚያወራው ስለ ሃርድ ዲስክ ብቻ ሆኗል (ከእንግዲህ ሃ.ዲ. እለዋለሁ፣ እጄ ደከመ)። አሮጌው ሃ.ዲ. ደግሞ ሲሠራ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ደስ የማይል ድምፅ። የታመመ ሰው ጥርሱን ሲያፋጭ ዓይነት።

ሕፃኑ ነቃ። ልሂድ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

አያ ደሴ መጡ። የቢቸና ት/ቤት ዘበኛ የነበሩት። ባለቤታቸው እማማ የሻሽ ኅዳር ላይ ነው ያረፉት። በዚህ ከተማ እሳቸው ወጥ ያልሠሩበት ሰርግ የለም ቢባል ውሸት አይሆንም።

አያ ደሴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ከኪሳቸው የእማማን የቀበሌ መታወቂያ አወጡ። ያላቸው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ማኅተሙ ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖታል፣ የቀረው ግማሽ ተቆጥቷል።

«ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅ ነው የማውቃት» አሉ። «ይቺን ሴትዮ አላውቃትም ልጄ። አርባዋ ሳይደርስ አንድ ፎቶ ፈልግልኝ።»

ጋሼ ከልቡ ፈለገ። ያለቀላቸውን የሰርግ ፊልሞች ሁሉ አንድ በአንድ ከፈተ። እማማ የሻሽ የሉም። እንዴት ይኖራሉ? ወጥ ቤት በፊልም አይወጣም። ባለ ሰርጎቹ ይቆጣሉ፣ ጥላሸት የነካው ቀሚስ፣ በጭስ የቀላ ዓይን አሳይተህ ቤታችንን አዋረድክ ይላሉ። ስለዚህ ጋሼ ወጥ ቤቱን ሁልጊዜ ቆርጦ ያወጣዋል። ያበሰሉትን ሰው ሁሉ ይበላል፣ እሳቸው ግን የትም የሉም።

ግን አሉ። ጥሬው ቀረጻ ላይ። ያልተቆረጠው ላይ። ጋሼ ቆርጦ የሚጥለውን እኔ ነኝ የማየው፣ ከሙሽራዋ ይልቅ እሱን ነው የምወደው። የት እንዳሉ አውቃለሁ። ከመጋረጃው ኋላ ሕፃኑን አዝዬ ቆሜያለሁ፣ አንዲት ቃል ነው የምትፈለገው።

አያ ደሴ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ወጡ።

እኔን ብሎ ሰው።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

አገኘሁት። የልብስ ሰፊው ልጅ ሰርግ፣ ጥሬው። ጋሼ ካሜራውን እንደያዘ ውኃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገብቷል መሰለኝ። የወጡ ጎላ ከእማማ የሻሽ ይተልቃል። ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ሽንኩርቱ እያስለቀሳቸው ይስቃሉ። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። እማማ ግጥም ይሰጣሉ፦

ሙሽራዋስ ዳስ ውስጥ ተቀምጣለች አምራ፣
ሽንኩርት ያስለቀሰኝ እኔ ነኝ ሙሽራ።

ከዚያ ማማሰያውን እንደ ዘንግ ከፍ አድርገው ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። በዚያ ዕድሜ! ከዚያ ካሜራውን ያዩና ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ «ይቺን ለደሴ እንዳታሳዩ» ይላሉ። «ወገቤን አመመኝ እያልኩ ነው ማታ ማታ እግሬን የሚያጥብልኝ።»

ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሕፃኑ አይቶኝ እሱም አለቀሰ።

ፍላሽ ሰክቼ ልገለብጠው ሞከርኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ግማሽ ሳይደርስ ቆመ። ደግሜ አልነካሁትም፣ ፈራሁ።

ማታ ጋሼ ደስ ብሎት ገባ። ወስኗል። አርብ ሞጣ ሄዶ አራት አዲስ ሃ.ዲ. ይገዛል፣ አራቱን አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ጎተራ ያደርጋቸዋል፣ ፊልም እንደ ልብ። ጥሬውን ሁሉ ያጠፋዋል። ያለቀለት ለየባለቤቱ ተሰጥቷል፣ ጥሬው ምን ያደርጋል አለ።

ሻይ ቀዳሁለት። ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመርኩበት። ምን ሆነሻል አለኝ። ምንም አልኩ። ምንም!

ታኅሣሥ 10፣ አርብ፣ ሞጣ

እናትሽ ናፍቃሻለች ብሎ ጋሼ ይዞኝ መጣ። አሮጌውን ሃ.ዲ. በሻሼ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ነው መንገዱን የጨረስኩት። ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር ከፍ አደርገዋለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አይተው አይተው፣ ሥዕል ነው ወይ አሉኝ። አይ፣ ሰርግ ነው አልኩ። ያሾፍኩባቸው መሰላቸው፣ እስከ ሞጣ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንድ ጊዜ ባወራ እንዲህ ነው።

ኮምፒውተር የሚጠግነው ኑሩ የጋሼ የቆየ ጓደኛ ነው። ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ። ሃ.ዲ.ውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም አዳመጠው። ነፍሱ ልትወጣ ነው አለ። እስኪገለበጥ ድረስ በከንቱ አታስነሱት፣ ስታስነሱት ደግሞ በጣም የምትወዱትን አስቀድሙ፣ መጨረሻው ላይደርስ ይችላል።

ይህን ሲል እኔ የትኛውን እንደማስቀድም አውቄያለሁ።

ከዚያ ክርክር። ኑሩ እንዳስረዳው መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው የጋሼ ነው፣ አራቱን አንድ ማድረግ። ቦታው ሰፊ ነው፣ «ግን ይቤ፣ አንዱ ሲሞት አራቱንም ነው የምትቀብረው» አለው። ሁለተኛው ጥንድ ጥንድ ማድረግ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው በዚያው ሰዓት ጓደኛው ላይም ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ፣ ቦታው ግን በግማሽ ይቀንሳል። ሦስተኛው አራቱ እንዲደጋገፉ ማድረግ፣ አንዱ ቢጎድል ሦስቱ ያወቁትን አዋጥተው ይሞሉታል። እሱ ጎበዝ ነው፣ ግን የጎደለውን እየሞላ ሳለ መብራት ከሄደ ይደናገራል፣ በእናንተ ቢቸናና በእኛ ሞጣ መብራት አልመክርህም አለው። ደግሞ ጥንዶቹንም ቢሆን አትመናቸው አለ፣ ከአንዱ ያጠፋኸው ከሌላውም ወዲያው ይጠፋል፣ ቤቱ ቢቃጠል አብረው ይቃጠላሉ።

ጋሼ ቦታ! ቦታ! ይላል። ሳይስማሙ አራቱን ገዝተን ወጣን። አገጣጠሙን ነገ ይወስናል።

ስንወጣ ኑሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ የዚች ልጅ ድምፅስ የት ነው የተቀመጠው፣ ኮፒ የላትም እንዴ አለ። ጋሼ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ እስከ እናቴ ቤት ድረስ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ነው አልኩ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ፣ ሞጣ፣ ጠዋት

ነገርኩት!!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው። ትናንት ማታ እናቴ ቤት ሽሮ በልተን ተቀምጠናል። እናቴ ከቆጡ ላይ ቅሎቿን አውርዳ የጎመን ዘሯንና የሽንብራ ዘሯን ነቀዝ እንዳይኖረው ታያለች። ጋሼ እያወራ እጁን ሰዶ ሽንብራውን ዘገነ፣ ሊቆላ። እናቴ እጁን መታችው። ትልቅ ሰው፣ የልጅ አባት! «ዘር ነው፣ የሚበላው ወዲያ አለልህ» አለችው። ጋሼ እንደ ልጅ መለሰው።

እናቴ ዘርን ከሚበላ እህል ጋር አታስቀምጥም። ግማሹንም እቤት አታኖረውም፣ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ዘንድ ነው። የእትዬ ዘይነባ ግማሽ ደግሞ እኛ ቆጥ ላይ ነው። እሳት ቢነሳ፣ አይጥ ቢገባ፣ ሁለቱም ቤት በአንድ ቀን አይጠፋም። ከተወለድኩ ጀምሮ የማየው ነገር ነው፣ ትናንት ግን አዲስ ሆነብኝ። ጋሼ ስለ አንድ ትልቅ ጎተራው እያወራ ነው። እኔ ቅሉን እያየሁ ነው። አፌ ራሱ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ጥሬው ዘር ነው» አልኩ።

ምን አልሽ አለ። ፊልሙ የሚበላ ነው፣ ቢጠፋ ከሌላ ሰው ይገኛል። ጥሬው ግን የትም የለም፣ እማማ የሻሽ እዚያ ናቸው፣ እየሳቁ ነው አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ወጥ ቤቱን፣ ጎላውን፣ ግጥሙን። ለደሴ እንዳታሳዩ ያሉትንም።

እናቴ የያዘችውን ቅል አስቀመጠች።

አያ ደሴ ሲመጡ ለምን አልተናገርሽም አለኝ፣ ግን ቁጣ የለውም። ፈራሁ አልኩ። «እኔ እኮ ራሴ ነኝ የቀረጽኳቸው» አለ። «ቆርጬ ስጥል አላየኋቸውም።» ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ፣ የልጅ ነገር፣ ግን አልጠላሁትም።

ከዚያ ሦስታችን ወሰንን፣ እኔም ጭምር! አንዱ ሃ.ዲ. ለፊልም፣ ብቻውን፣ ቢሞትም ይሙት። ሁለቱ ጥንድ ሆነው ለጥሬው። አራተኛው ጥሬው ከተገለበጠበት በኋላ ተነቅሎ ሞጣ ይመጣል፣ እናቴ ቆጥ ላይ። ወደዚህ በመጣን ቁጥር አዲሱን እንጨምርበታለን። እናቴ ያሳሰባት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አይጥ ይበላው እንደሆነ። ጋሼ አይበላውም አላት። አላመነችውም። ቅል ውስጥ ነው የማደርገው አለች።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ፣ ቢቸና

ጋሼ አሮጌውን ሲያስነሳው ከማን እንጀምር አለኝ። ያውቀዋል፣ ግን ከእኔ መስማት ፈልጎ ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ ሰርግ አልኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ። ግማሽ ላይ ቆመ፣ ልክ እንደዚያን ቀን። ጋሼ ነቅሎ አሳረፈው፣ በመስኮቱ ነፋስ አቀዘቀዘው፣ እንደገና ሰካው። እትዬ ብርቱካን ጓዳው በር ላይ ቆማ ስለ ገብርኤል ትላለች። ሕፃኑን ጣቴን አፉ ውስጥ አስገብቼ ዝም አሰኘሁት። ሄደ። ሄደ። አለቀ። ከፍተን አየን፣ እማማ ማማሰያውን ከፍ እንዳደረጉ ነው።

ሌላውም ቀጠለ። ብዙ ሰርግ ዳነ። ከሰዓት በኋላ ግን ቀጭ ማለቱን ተወ። ጸጥ። ጋሼ ቢነቅል ቢሰካ አልነሳ አለ።

ፊልሙ ግድ የለም። ጥሬም የቀረ አለ። ከቀሩት አንዱ የራሱ የጋሼና የእትዬ ብርቱካን ሰርግ ነው። መጨረሻ ላይ አድርጎት ነበር። የሰው እያለ የራሱን ማን ያስቀድማል አለ። እጁን ሃ.ዲ.ው ላይ አድርጎ ቆየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

እትዬ ብርቱካን ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። ያለቀለት አለ አይደል አለችው፣ ጥሬው ላይ እኮ ሚዜህ እግሬን ረግጦኝ ስሳደብ ነበር፣ እንኳን ጠፋ። ጋሼ ሳይወድ ሳቀ። እኔ ግን ጥሬውን አይቼዋለሁ። አልተሳደበችም። ጋሼ ወደ ዳሱ ሲገባ አይታ ጥፍሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። ለአንቺ ጻፍኩት፣ ከእንግዲህ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 17፣ አርብ

ጋሼ ፎቶውን አሳተመ። ከሚሄደው ቀረጻ ላይ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። እማማ የሻሽ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ፣ ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል። ጥላሸቱም አለ። ጋሼ ጥላሸቱን በኮምፒውተር ላጥፋው ወይ አለ፣ ተው አልኩት። ተወው።

ከዚያ እኔ አላደርሰውም፣ ያገኘሽው አንቺ ነሽ አለኝ። ፈገግ እያለ ነው፣ ግን ቀልድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ። ሕፃኑ አላመመውም። ዝናብም የለም። እትዬ ብርቱካን ነጠላዬን ሳልጠይቃት አጥባ አሰጣችው።

የአያ ደሴ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፣ ቆርቆሮ በር። ስንቴ አልፌዋለሁ፣ ቀና ብዬ አላየሁትም። ቴሌቪዥን የላቸውም። የጋሼን ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ መብራት ቢጠፋም አይጎልብኝም። የእማማ አርባ የገብርኤል ማግስት ነው፣ ቤቱ ሰው ሳይሞላ መድረስ አለብኝ።

ነገ ጠዋት ዕቃ ሳላጥብ እወጣለሁ። በሩን አንኳኩቼ ቤቶች እላለሁ፣ በልቤ ሳይሆን በሚሰማ ድምፅ። መጀመሪያ ፎቶውን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ አጠገባቸው እቀመጥና የሚንቀሳቀሰውን እከፍትላቸዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው፣ እግር እጥበቱ ድረስ።

እማማ የሻሽ፣ ይቅርታዎን። ለአያ ደሴ ላሳያቸው ነው።