የበግ ልብ በሁዳዴ

ሰኞ

ዜሮ። ከሠላሳ ዜሮ! ጾሙ ሳይገባ በተግባር ትምህርቱ የበግ ልብ የቀደድኩት እኔ፤ ሦስቱ የቡድኔ ወንዶች አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ሥር ቆመው ነበር። "ሪፖርቱን እኛ እንጽፈዋለን" ብለው ወሰዱ። ስሜን ረሱት። ረሱት!

መምህሩ ዘንድ ሄጄ ጮኽኩ። "እንግዲያው እስከ ዓርብ ልብ አምጪና ብቻሽን ቀድደሽ አሳዪኝ" አለኝ። "አመጣለሁ!" ብዬ በሩን ስዘጋው ትንሽ ጉልበት ጨመርኩበት መሰለኝ።

ሕክምና ለመግባት የምወዳደረው በዚህ በባዮሎጂ ውጤቴ ነው። ዜሮዋ ከጸናች አበቃልኝ።

ደረጃው ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። ሁዳዴ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው።

ማክሰኞ

የቀረው የጋሽ ሰይድ የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ገባሁ፤ ጭራሽ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?" ነገርኳቸው።

"ነገ ዘመዶችሽ መጥተው ልጃችንን ጾም አስገደፍክብን ቢሉኝስ?"

"ለትምህርት ነው፣ ጋሽ ሰይድ።"

"እንግዲያው ጻፊና ፈርሚ።"

ጻፍኩ፦ "ይህን የበግ ልብ የወሰድኩት ለመማሪያ እንጂ ለመብላት አለመሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።" ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለእሳቸው አንዱ ለእኔ። ሒሳቡንም እምቢ አሉ፤ "ከዶክተር አልቀበልም" አሉኝ። ዶክተር! ቤት እስክደርስ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም።

ልቡን በጥቁር ፌስታል አድርጌ ከመስኮቴ ውጭ ሰቀልኩት። በደብረ ታቦር ብርድ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?

ረቡዕ

ከክፍል ስመለስ አብሬያት የምኖረው አክስቴ መቀነቷን አጥብቃ ደጃፍ ቆማለች። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፌስታሉ የለም።

"በሁዳዴ! በእኔ ቤት!" አለች አክስቴ።

"ልቡ የት ነው?"

"መምሬ ናቸው ጣይው ያሉኝ።"

የግቢያችን ውሻ ከንፈሩን ይልሳል።

የፈረምኩበትን ወረቀት አውጥቼ ለመምሬ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። "እኔኮ ሊበላ ነው ብዬ..." አሉ።

"ተበላ እኮ፣ መምሬ!"

ሁላችንም ውሻውን አየነው።

ከዚያ አለቀስኩ። በንዴት ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ሐሙስ

ጋሽ ሰይድ ሁለተኛ አልሰጥም አሉ። ለካ አክስቴ ትናንት ሄዳ ደጃቸው ላይ ጮኻለች! "ምስክር አምጪ። ትልቅ ሰው" አሉኝ።

አመጣሁ። መምሬ ጥበቡ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። መንገደኛውም ቆመ።

"መምሬ፣ እንዴት ዋሉ? ስንት ኪሎ ልመዝንልዎ?" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"እስክሪብቶ ብቻ።"

ወረቀቴ ላይ ምስክር ሆነው ፈረሙ። ከፊርማቸው አጠገብ መስቀል ሣሉበት።

ስንመለስ "ልጄ፣ ዳገት ስወጣ ልቤ ድው ድው የሚለው ምን ሆኖ ይሆን?" ብለው ጠየቁኝ። "መምሬ፣ እኔ ገና የማውቀው የሞተውን ነው፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ" አልኳቸው። የመጀመሪያ ታካሚዬን እንዲህ አባረርኩ።

የአዲሱ ልብ ፌስታል አሁን ከአልጋዬ ራስጌ ነው። ውሻው በሩ ላይ ተኝቶ ያቃስታል።

ዓርብ

ቀደድኩት! አራቱን ክፍል፣ አራቱን ቫልቭ፣ የደም ሥሮቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራሁ። ጿሚው መምህር ሦስት እርምጃ ርቆ ነበር የሚጠይቀኝ።

ስወጣ ከሦስቱ የቡድኔ ወንዶች አንዱ በር ላይ ጠበቀኝ። "ስምሽን አውቀን አይደለም እኮ የተውነው።"

"የሠራ ሰው ስም እንዴት እንደሚጻፍ ሪፖርቴ ላይ ታየዋለህ" አልኩት።

"የቡድን አባላት" በሚለው መስመር ላይ በደማቁ ጻፍኩ፦ እኔ፣ ጋሽ ሰይድ፣ መምሬ ጥበቡ።

ቅዳሜ

ሪፖርቱ ተመለሰ። ዜሮዋ ተሰርዛለች! ሃያ ስምንት! አክስቴ እልል አለች፤ በሁዳዴ። ሕክምና ገና ሩቅ ነው፤ ቢሆንም በሩ አልተዘጋብኝም።

ሁለቱ ነጥብ የት ሄደ? ገለጥኩት። በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ "የሁለቱ የቡድን አባላት የተማሪ መታወቂያ ቁጥር አልተሞላም።"

ሰኞ ጠዋት ሄጄ እከራከራለሁ።