አማቴን ዝም ያሰኘው የሰማይ ጋሻ

ለክቡር የጠፈር መከላከያ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ሰማዩን ቀና ብለው ሲጠብቁ ማጅራትዎን እንዳያምዎ፣ ጎንበስ ብለው ምድሩን እንዲያዩ የሚያስገድድ ችግርም እንዳይገጥምዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ ያለሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሹማምንትዎ ወገብ በየዓመቱ ሲገፋ ሱሪያቸውን የማሰፋው እኔ ስለሆንኩ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ዕድገት ከእኔ የተሻለ ምስክር አያገኙም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በበርዎ መጥቼ ተመልሻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጋሻው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጎረቤት አገር ሳተላይት መትታ መጣል እንደምትችል ካሳየች ወዲህ እኛም እንዳናንስ፣ የጠላትን ሳተላይቶች የሚያሳውር ሞገድ እንግዶች ጋብዛችሁ በሰልፍና በሙዚቃ ባደረጋችሁት ልምምድ ዕለት ወደ ሰማይ ለቀቃችሁ። ሥራው ግሩም ነበር፤ የከተማው ስልክ ሁሉ መንገድ ማሳየቱን ተወ። ጠላት እንዳይሰማ ተብሎ ለሆስፒታሎች እንኳ አልተነገረም።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ቁልፍ ሲተክሉ መርፌው ከእጃቸው ወደቀ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ባለቤቴ አምቡላንስ ጠራ። ሾፌሩ ለከተማው አዲስ ስለነበር የሚመራው በስልኩ ካርታ ነው። ቆይቶ ደወለና «ካርታው ደርሰሃል ይለኛል፤ እኔ ግን የቆምኩት የሲሚንቶ መጋዘን በር ላይ ነው» አለ። ባለቤቴ «ወንድሜ፣ ካርታውን ተወውና ሰው ጠይቅ» ቢለው፣ «ዘበኛውም እኮ ስልኩን ነው የሚያየው» ሲል መለሰለት። ዳግመኛ ሲደውል ካርታው ወንዝ ውስጥ ነህ ብሎታል። ታክሲ ብንፈልግ መንገዱ ለእንግዶቻችሁ ተዘግቷል። በመጨረሻ ጫማ ጠጋኙ የዕቃ ጋሪውን አመጣ፤ የሰፋኋቸውን ካፖርቶች አነጠፍንና አማቴን አስተኝተን እየገፋን ሄድን። በርዎ ላይ ስንደርስ የእንግዶቹ መኪኖች እስኪያልፉ ቁሙ ተባልን። ቆምን። የሙዚቃ ጓዱ አንድም ስህተት አልሠራም፤ እሱንም አመሰግናለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም መርምራቸው ስትወጣ «ቀደም ብላችሁ አድርሳችኋቸው ቢሆን አንደበታቸውን እናተርፈው ነበር» አለችን። ባለቤቴ የጋሪውን እጀታ እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ።

ሁለተኛ፣ ክቡርነትዎ ያተረፉልኝን ጸጥታ በተመለከተ። እኔና አማቴ ስንነቋቆር የኖርን ነን። ምላሳቸው ከመቀሴ ይስላል። የሰፋሁትን አንስተው «ምራቴ፣ ይሄ እጅጌ ነው ወይስ ስልቻ?» ሳይሉኝ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ዛሬ የቀራቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እንዴ»። ውሃ ሲጠማቸው እንዴ፣ ልጃቸው ግንባራቸውን ሲስም እንዴ። ባለፈው ሳምንት እንደ ድሮው እንዲሰድቡኝ ብዬ ሆነ ብዬ አንድ ኮሌታ አጣምሜ ሰፋሁና አቀረብኩላቸው። አገላብጠው አዩት፣ «እንዴ» አሉ፣ ከዚያም አለቀሱ። እኔም አብሬ። ከታመሙበት ቀን ሌላ ሱቁን በቀን ዘግቼ የማውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ። አቤት ልል ስመጣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ፤ ይህን አልክድም። «እህቴ፣ ጦርነቱ ጠፈር ላይ ቢነሳ የሚያልቀው ሚሊዮን ነው፤ የእናታችሁን ነገር ለአገር እንደተከፈለ መሥዋዕትነት ቁጠሩት» ሲል አጽናናኝ። አማቴን ማንም እንዳልጠየቃቸው ነገርኩት። ታዲያ ጠላት ታወረ ወይ ብዬ ብጠይቀው ይህ የአገር ምስጢር መሆኑን ገለጸልኝ። ምስጢሩን ግን ጎረቤት አገር አልጠበቀችላችሁም፤ የሰልፋችሁን ፎቶግራፍ ከሰማይ አንስታ በማግስቱ በጋዜጣ አወጣችው። የእርስዎ ኮፍያ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ከበሩ ፊት ለፊትም ጋሪ የከበቡ ሦስት ሰዎች አሉ። በዓለም ላይ ያን ቀን ያየን የጠላት ሳተላይት ብቻ ነው።

ሌላም ቅሬታ ነበረኝ፤ ቁጥሩን መቀጠል ግን ሰለቸኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሰማዩን ለመዋጋት ሲነሡ ለሆስፒታሎችና ለአምቡላንስ ሾፌሮች ቀደም ብለው ይንገሩ። ጠላት ቢሰማ ይስማ፤ ቢያንስ እሱ የታመመ ሰው አልያዘም።

ክቡርነትዎን ከከዋክብት ሁሉ በላይ ከፍ የማደርግ፣ ግን ያደረሱብኝን በፍጹም ይቅር የማልል፣
የአንዲት ነገር አዋቂ ሴት ምራት

ማሳሰቢያ፦ ጨረቃ ላይ ለሚተከለው ባንዲራ የላካችሁልኝን ሐር ጨርቅ መቀስ ሳላሳርፍበት መልሻለሁ። በዚያ ነፋስ ስለሌለ የሚውለበለብ እንዲመስል ጠርዙ ውስጥ እንዳስገባው የታዘዝኩትም ሽቦ ከውስጡ ተጠቅልሏል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ተነጋግረናልና ሌላ ሰፊ ፍለጋ አትድከሙ። ባዶውን ዘንግ ትከሉት፤ ከምድር ሆኖ ልዩነቱን የሚያይ የለም፤ የሚያየው ጠላት ነው፣ እሱን ደግሞ አሳውራችሁታል።